የስቲቭ ጆብስን ሕይወት በ12 ሜትር ሲባጎ ላይ መዘርጋት፦ ለድሬዳዋ የትምህርት ቤት ክበቦች

12 ሜትር ሲባጎ ግዙና ለአንድ ዓመት 20 ሳንቲሜትር ስጡ። ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ጆብስ በ1955 ተወልዶ በ2011 በ56 ዓመቱ ስላረፈ ሕይወቱ 11 ሜትር ከ20 ይወስዳል፤ የተረፈው 80 ሳንቲሜትር ለሁለቱ ጫፎች ማሰሪያ ነው። በዚህ ልክ በ2007 የወጣው አይፎን የሚንጠለጠለው 10 ሜትር ከ40 ላይ ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ጫፍ ተነስቶ እየተራመደ ሲያነብ፣ ሁሉም የሚያወራለት ስልክ የመጣው ሊያልቅ 80 ሳንቲሜትር ሲቀረው መሆኑን በእግሩ ይለካዋል። ዝግጅቱ ሌላ ምንም ባያስተምር ይህን ካስተማረ ይበቃል።

ዓመቶቹን በቋጠሮ አትለዩ። እያንዳንዱ ቋጠሮ ሲባጎውን ስለሚያሳጥረው መጨረሻ ላይ ልኬቱ ይዛነፋል። ይልቅ በየ20 ሳንቲሜትሩ ቀይ ክር፣ በየ2 ሜትሩ ሰማያዊ ክር እሰሩበት። ከመሬት 1 ሜትር ከ40 ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ባለው በረንዳ ላይ ወጥሩት፤ በየ2 ሜትሩ ምስማር ካልደገፈው ካርድ ሲሰቀልበት መሃሉ ይረግባል። ካርዶቹን ግድግዳ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ድሬ ላይ አያዋጣም፦ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል፣ አቧራው ደግሞ እንዳይዝ ያደርገዋል። ከቀፊራ ገበያ የልብስ መቆንጠጫ ግዙ፣ ለአንድ ካርድ ሁለት ሁለት። በአንድ ብቻ የተያዘ ካርድ ነፋስ ሲነካው ጀርባውን ይሰጣል። ጽሑፉ በአንድ ወረቀት ከ40 ቃል አይብለጥ። አማርኛውን፣ አፋን ኦሮሞውንና ሶማሊኛውን አንድ ገጽ ላይ ከማጨቅ በየወረቀቱ ጽፋችሁ አንዱን ከአንዱ ሥር አንጠልጥሉ።

ከሁሉ የሚያሳስተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አፕል የተመሠረተው ኤፕሪል 1 ቀን 1976 ሲሆን በእኛ መጋቢት 23 ቀን 1968 ነው። ማኪንቶሽ የተባለው የአፕል ኮምፒውተር ለሕዝብ የቀረበው ጃንዋሪ 24 ቀን 1984፣ በእኛ ጥር 15 ቀን 1976። ስለዚህ «1976» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ልጅ አፕልን፣ ሌላው ማኪንቶሽን ይዞ እዚያው ቦታ ላይ ይጋጠማሉ፤ በሁለቱ መካከል ግን 1 ሜትር ከ60 አለ። ሲባጎው በፈረንጆቹ ይሁን፤ የእኛን ቀን ከካርዱ ግርጌ አስቀምጡት።

አፕል በተመሠረተበት 4 ሜትር ከ20 ላይ የሌላው መሥራች የስቲቭ ዎዝኒያክ ስም ከጆብስ እኩል ጎልቶ ይጻፍ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአፕል ኮምፒውተሮች የነደፈው እሱ ነውና። ጆብስ ያየው ዎዝኒያክ የነደፈው የኮምፒውተር ቦርድ ዕቃ ሆኖ ሊሸጥ እንደሚችል ነው፤ 50 እንዲቀርቡለት ያዘዘ ሱቅ አግኝቶ ሥራው ተጀመረ። 5 ሜትር ከ80 ላይ ማኪንቶሽ ይሰቀላል፦ ዋጋው 2,495 ዶላር፣ ሜሞሪው 128 ኪሎባይት። በማውዝ የሚሠራው አሠራር ከዚያ በፊት በዜሮክስ የምርምር ማዕከል እንደነበረና ጆብስ በ1979 ሄዶ እንዳየው ካርዱ ይናገር።

አሁን ከ6 ሜትር እስከ 8 ሜትር ከ40 ያለውን ተመልከቱ። በ1985 ራሱ ከመሠረተው ድርጅት ወጣ፤ አፕል ኔክስትን፣ ማለትም ጆብስ ከወጣ በኋላ ያቋቋመውን የኮምፒውተር ድርጅት፣ ገዝቶ ሲመልሰው 1997 ደርሶ ነበር። አዘጋጆች ይህን 2 ሜትር ከ40 «ከአፕል ተባረረ፣ ተመለሰ» ብለው በአንድ ካርድ ያልፉታል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ቢያንስ አራት ካርድ ስጡት። አንደኛው ኔክስት፦ ውድ ስለነበር ገበያ አላገኘም፣ ሶፍትዌሩ ግን ኋላ የማክና የአይፎን መሠረት ሆነ። ሁለተኛው፣ የድረ ገጽን ሥርዓት የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ማሰሻ በ1990 የጻፈው በኔክስት ኮምፒውተር ላይ መሆኑ። ሦስተኛው ፒክሳር የተባለው የኮምፒውተር አኒሜሽን ድርጅት፦ በ1986 ገዝቶት ለዓመታት ከኪሱ እያወጣ ያኖረው፣ በ1995 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ያወጣው። አራተኛውን ባዶ አድርጉትና «ያልተሳካ ሥራ ምን ይተርፈዋል?» ብላችሁ እስክሪብቶ አንጠልጥሉበት። ተማሪዎች ይጽፉበታል።

የማይሰቀለውንም ልንገራችሁ። በቴሌግራም የሚዞረው «የጆብስ የሞት አልጋ መልእክት» የእሱ አይደለም፤ ልብ ቢነካም አታትሙት። «ስማርት ስልክን ፈጠረ» አትበሉ፤ ባለንክኪ የአይቢኤም ስልክ በ1994 ገበያ ላይ ነበር። በ1978 የተወለደችውን ልጁን ሊሳን መጀመሪያ አላውቃትም ማለቱን ግን አትደብቁ። ወላጅ አባቱ ሶርያዊ፣ ያሳደጉት ደግሞ ፖልና ክላራ ጆብስ መሆናቸው በአንድ ካርድ ይበቃል።

ከሲባጎው መጨረሻ ጠረጴዛ አስቀምጡ። ድሬ ታይዋን ገበያ ካሉ የሞባይል ጠጋኞች ለመለዋወጫ የተጣለ፣ የማይነሳ አይፎን ለምኑ። እነሱ ይክፈቱላችሁ፤ ከ4ኤስ ወዲህ ባሉት ግርጌ ያሉት ሁለት ብሎኖች አምስት ጫፍ ስላላቸው ተራ ካቻቢቴ በግድ ካዞራችሁበት አናቱ ይበላል፣ ከዚያ ወዲያ አይወጣም። ባትሪውን አስወጥታችሁ እዚያው ተዉት። የሊቲየም ባትሪ ከተወጋ ወይም ከታጠፈ ውስጡ ይገናኝና ይቀጣጠላል፤ ያበጠ ከሆነ ስልኩን ራሱ አትቀበሉ። ስክሪኑን፣ ቦርዱን፣ ካሜራውንና የስፒከሩን ክፍል ነጭ ካርቶን ላይ ለያይታችሁ ስማቸውን ጻፉ። ትናንሾቹን ብሎኖች በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጓቸው፤ ጣት ሲነካቸው ይጠፋሉ። የጆብስን ምርጫ በእጅ የሚያሳየው ይህ ጠረጴዛ ነው። ዎዝኒያክ ተከራክሮ አፕል 2 ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው 8 ማስፋፊያ ቀዳዳዎች እንዲኖሩ አደረገ፤ ጆብስ የመራው ማኪንቶሽ ግን አንድም አልነበረው። የተዘጋ ዕቃ ውብና አስተማማኝ ይሆናል፣ ጠጋኝን ግን ይቸግራል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ተማሪዎቹ እንዲከራከሩበት ጠጋኙን ራሱን ብትጋብዙት ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ጆብስ ኮሌጅ አቋርጦ የተከታተለው የቁም ጽሕፈት ትምህርት ማኪንቶሽን ባለብዙ ፊደል ዓይነት እንዳደረገው ራሱ ተናግሯል። እዚህ ካርድ አጠገብ የግዕዝ ፊደል በ1999 የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ መለያ ቁጥር) አካል እንደሆነ ጻፉና አንድ ስልክ አስቀምጡ፤ ልጆቹ ስማቸውን በፊደላችን ይጻፉ። ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ያሉትን የእጅ ጽሑፎች ያዩ ተማሪዎች ካሉ ስለ ፊደል ውበት ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል።

ዝግጅቱን ከጠዋቱ 2፡30 ጀምራችሁ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ቢጠፋም ሲባጎው ይሠራል። ስታወርዱት ካርዶቹን ቁጥር ስጧቸው፣ ሲባጎውን ከ1955 ጫፍ ጀምራችሁ የመጥረጊያ እንጨት ላይ ጠቅልሉት፤ ክሮቹ ሳይንሸራተቱ ለሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይደርሳል።