ሮምን በአንድ ቀን በእግር ለማየት

ሮም ላይ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ቫቲካንን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ ሙዚየሙ ብቻውን ቀኑን ይበላዋል። የኔ መንገድ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ በነበረው ፓንቴዎን ላይ ያበቃል።

መጀመሪያ የኮሎሲየም ትኬት። ቀድማችሁ ከራሱ ድረ ገጽ ግዙ። ደጅ ላይ «ሰልፍ አናስይዛችሁም» የሚሏችሁን ሻጮች እለፏቸው። ትኬቱ ላይ ስማችሁ ይጻፋል፤ በሩ ላይ ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። እኛ ሐበሾች የምንሸወደው እዚህ ጋ ነው። ፎርሙ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኔ እንደለመድኩት የራሴንና የአባቴን ስም ሞላሁ። ፓስፖርቴ ላይ ግን በቤተሰብ ስም ቦታ ያለው የአያቴ ነው። በዚያ ላይ የራሴን ስም ፌስቡክ ላይ እንደምጽፈው አሳጥሬዋለሁ። ሰውየው ትኬቱን አየ፣ ፓስፖርቱን አየ፣ እንደገና ትኬቱን አየ። «ይሄ አባቴ ነው፣ ያ አያቴ» እያልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የዘር ሐረግ መቁጠር ያዝኩ። ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። አልገባሁም። ለዚያ ቀን ሌላ ትኬት አልነበረም። ጥፋቱ የኔው ነው። ስለዚህ ፓስፖርታችሁን ፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡ።

ጫማ፦ ወፍራም ሶል ያለው። የሮም ኮብልስቶን ለሚያምር ጫማ አያዝንም። ውሃ መግዛት ሞኝነት ነው። መንገድ ዳር «ናሶኔ»፣ ማለትም ትልቅ አፍንጫ፣ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ። አፉን በጣታችሁ ድፈኑት፤ ከላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ አፋችሁ ይዘላል።

ጠዋት ከተርሚኒ ስትወጡ የምታገኙት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። በ1887 (ቀናቱም ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣልያን ጦር መታሰቢያ ነው። ሐውልቱ ራሱ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ፈንጠር ብሎ ቆሟል። አይታችሁት በሜትሮ ቢ ሁለት ፌርማታ ወደ ኮሎሲየም።

ኮሎሲየምን ጨርሳችሁ ስትወጡ አጠገቡ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ የኦሎምፒክ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የጨረሰው እዚህ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ብዙው ጎብኚ ቅስቱን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እናንተ በቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። አስር ደቂቃ ገደማ ነው። አበበ የመጣው በተቃራኒው ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ፖርታ ካፔና ይባላል። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚያ ነው። አበበ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት የሄደውም በዚሁ አካባቢ ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል። ቦታው ላይ ዛሬ ለመስከረም 11ዱ የአሜሪካ የሽብር ጥቃት ሰለባዎች የቆሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ሕንፃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ነው፤ ሲጀመር ግን የታሰበው ለጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። እኔ እዚያ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ለሌላው ሰው መኪና የሚበዛበት አደባባይ ነው።

ከዚያ በካምፒዶሊዮ ኮረብታ አድርጋችሁ ወደ ፓንቴዎን። ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል።

ቡናችሁን ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ደግሞ የአዲስ አበባውን አትጠብቁ። ወተቱ ጠብ ያለች ነገር ናት።