ላሊበላ ልትሄዱ ስትሉ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ደሴ ስለምኖር ዘመድም ጓደኛም ወደ ላሊበላ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ እኔ ጋ ይደውላል፣ ሁሌም የምለው አንድ ነው፣ ቀስ በሉ። ቦታው በጥድፊያ አይታይም፣ አብዛኛው ስህተትም ከጥድፊያ ነው ሚመጣው። እስቲ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛው «አንድ ቀን ይበቃናል» ማለት ነው። 11 ቤተክርስቲያን እኮ ነው፣ እነ መድኃኔዓለምና ማርያም ባንድ ወገን፣ እነ አማኑኤልና ገብርኤል በሌላ ወገን፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው፣ ምሳ ሰዓት ላይም ይዘጋል። ይሄን የተማርኩት በአክስቴ ነው። ለጊዮርጊስ ስለት ነበረባት፣ ጧፉን በነጠላ ጠቅልላ ነው ከቤት የወጣችው። መንገድ ላይ ዘገየንና እኩለ ቀን ላይ ደረስን፣ ተዘግቷል። ከሰዓት መድኃኔዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል እያልን ጊዮርጊስ ስንደርስ መሽቶ በሩ ተቆልፏል፣ እኛ ደግሞ በማግስቱ ሌሊት ነው የምንወጣው። አክስቴ ከላይ ጫፉ ላይ ተንበርክካ ዓለቱን ሳመችው፣ ጧፉን ለአንድ መምሬ ሰጥታ ዝም ብላ ተመለሰች። እስካሁን ይቆጨኛል። ቢያንስ ሁለት አዳር ያዙ፣ ስለት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ከሱ ጀምሩ።

ጊዮርጊስን ከላይ ፎቶ አንስቶ መሄድም አለ። የመስቀል ቅርጹ ከላይ ነው ሚያምረው እውነት ነው፣ ግን ወደ 12 ሜትር ወደታች የተፈለፈለ ነገር ነው፣ በተቆረጠው መተላለፊያ ወርዳችሁ ግድግዳው ሥር ስትቆሙ ነው ይሄ ሁሉ አንድ ዓለት መሆኑ የሚገባችሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ መጥቶ ንጉሡን «የኔስ ቤት የታለ» ብሎታል ይባላል፣ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚባለውን ዳና ያሳይዋችኋል። ሰው ሳይጠይቁ ካለፉ አይታይም።

ለኔ ትልቁ ስህተት ግን ይምርሃነ ክርስቶስን መዝለል ነው። «ሩቅ ነው፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው» ይላሉ፣ አዎ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ይምርሃነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው፣ ቤተክርስቲያኑም ከተማው ውስጥ እንዳሉት ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው፣ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ፣ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ እያለ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይሄዳል፣ የአክሱም አሠራር ነው። እሱን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ተመለሱና ቤተ አማኑኤል ፊት ቁሙ። ያው ወጣ ገባ መስመር ግድግዳው ላይ አለ፣ እንጨት ግን የለም፣ ሁሉም ዓለት ነው። ጠራቢዎቹ በእንጨትና በድንጋይ የሚሠራውን ግድግዳ ያውቁታል፣ ያንኑ ከዓለት ፈልፍለው አወጡት ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ አማኑኤልን ሳይ መስመሩ ጌጥ መስሎኝ አልፌው ነበር፣ ከይምርሃነ ስመለስ ግን እዛው ግድግዳ ፊት ቆሜ ቀረሁ፣ አብሮኝ የነበረው ልጅ ነው ጎትቶ የወሰደኝ።

ልብስና ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ሴት በቀሚስና በነጠላ ነው የምትገባው፣ ወንድ ደግሞ በቁምጣ አይገባም፣ ጫማችሁ ደግሞ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ስታወልቁ ስታጠልቁ ነው ምትውሉት። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ስላለ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ባትሪም ያዙ፣ ከገብርኤል ወደ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ግድግዳውን በእጅ እየዳበሱ ነው የሚያልፉት።

ውስጥ ገብቶ በፍላሽ ፎቶ ማንሳት በጣም ያሳዝነኛል፣ ሥዕሉን ይጎዳዋል እኮ፣ የሚጸልይ ሰውም አለ። ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ አለ፣ ዓምደ ብርሃን ይሉታል፣ ግለጡልን ብላችሁ ካህናቱን አታስጨንቁ፣ አይገለጥም። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም፣ በር ላይ ደርሳችሁ ከመከራከር ቀድማችሁ እወቁት።

ለገና የምትሄዱ ደግሞ መኝታ ሳትይዙ እንዳትነሱ። ታኅሣሥ 29 የጌታም የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው፣ አገር ምድሩ ነው ሚመጣው፣ በእግሩ ስንት ቀን ተጉዞ የሚደርስ አለ። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ካህናቱ ግማሹ ከላይ ከዓለቱ ጫፍ ግማሹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ነው፣ ቦታ ለማግኘት በሌሊት ነው መሄድ ያለባችሁ። እና ገናም ሆነ ሌላ ጊዜ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የወልድያ ጋሸና መንገድ ሰላም መሆኑን እዛው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻው አሸተን ማርያምን ረፋድ ላይ መጀመር ነው። ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ናት፣ ላሊበላ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ ያጥራል፣ ፀሐዩም ይበረታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ለማይችል ሰው በቅሎ ይከራያል። ስትደርሱ በሩ ተዘግቶ ካገኛችሁት ደግሞ ተናዳችሁ አትመለሱ፣ ቁልፍ የያዙት አባት እርሻ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው ልካችሁ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ፣ ይመጣሉ፣ መስቀሉንና የብራና መጽሐፉን አውጥተው ያሳይዋችኋል።