ራሱን መገላበጥ ለማይችል ልጅ፦ የአልጋ ቁስልን በእጅ መፈለግ

የአልጋ ቁስል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ነው። ራሱን መገላበጥ የማይችል ልጅም ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ይቆስላል። የእኔ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ቤታችን በየቀኑ የምናደርገውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ፍተሻው። ብዙ ጊዜ «ቆዳው ከቀላ ተጠንቀቁ» ይባላል። በልጆቻችን ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዳብሱ። ጠዋት ሳጥበው በእጄ ጀርባ እየነካሁ ከዙሪያው የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ እፈልጋለሁ። ከሌላው ቆዳ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቦታም ምልክት ነው። ስትነኩት ፊቱን ካጨማደደ እመኑት። በአከርካሪ ችግር እግሩ የማይሰማው ልጅ ግን ቢቆስልም አያለቅስም፤ እሱን በደንብ ፈትሹ።

የትንንሽ ልጆች ጭንቅላት ከሰውነታቸው አንፃር ከባድ ነው። ስለዚህ የኋላ ጭንቅላታቸው ቶሎ ይጎዳል። ተኝታ ለምትውል ልጅ ጥብቅ ሹሩባና ጨሌ አልመክርም፤ ይጫናታል፣ ቁስሉንም ይደብቃል። ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌና መቀመጫም ይታዩ። የማተቡ መስቀል ከትከሻው ሥር እንዳይገባ ወደ ፊት መልሱት። የጀሶ ጠርዝ፣ የእግር ድጋፍ፣ በአፍንጫ የገባ የምግብ ቱቦ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚያልፍ የኦክስጅን ቱቦም ያቆስላሉ።

ሲተኛ በየ2 ሰዓቱ ገልብጡት። ቆዳው ቶሎ የሚለወጥ ከሆነ ጊዜውን አሳጥሩ። እኛ ተራውን ግድግዳ ላይ ጽፈናል። ገበያ ስወጣ እናቴ ታየውና ትገለብጠዋለች። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኙት፤ ክብደቱ ሁሉ ዳሌው ላይ ያርፋል። ጋቢ ጠቅልላችሁ ከጀርባው ደግፉና ትንሽ ዘንበል ይበል። ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ፣ ተረከዙ ፍራሹን አይንካ። ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ሥር ማድረግና ቀለበት የመሰለ ትራስ አይጠቅሙም። ስታነሱት አትጎትቱት፣ ለሁለት ሆናችሁ አንሡት። ዊልቸር ላይም ዝም ብሎ አይዋል፤ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ዘንበል፣ ቀና አድርጉት።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የከተማችን ሙቀት ሌላ ፈተና ነው። ላስቲክ የለበሰ ፍራሽ ያልባል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ላስቲኩ ላይ የጥጥ አንሶላ አንጥፉ። ዳይፐሩን ቶሎ ቀይሩ፣ ስሱ ቫዝሊን ቀቡ።

ምግብም ከሕክምናው እኩል ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ከጣና የወጣ ቆሮሶ፣ አጥንቱ በደንብ ተለቅሞ። መዋጥ የሚከብደው ልጅ ከሆነ አለስልሱት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ለሐኪም ንገሩ።

የተለወጠ ቦታ ካገኛችሁ ክብደት እንዳያርፍበት አድርጉ። ቅቤ ቀብታችሁ አትሹት፤ ከሥሩ የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ይጎዳዋል። እናቶቻችን የሚያሹት በፍቅር ነው፤ በእርጋታ አስረዷቸው። ክብደት ተነሥቶለትም ምልክቱ ካልጠፋ ለሐኪም አሳዩት።

ቆዳው ከተላጠ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ጨርሶ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁ ካተኮሰ ነገ አትበሉ። ጤና ጣቢያ፣ ካልሆነም ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ውሰዱት። የእግር ድጋፉንና ጫማውን ይዛችሁ ሂዱ። ያቆሰለው ድጋፉ ወይም ጫማው ከሆነ፣ ካልተስተካከለ በቀር ቁስሉ ድኖም ይመለሳል።