ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ስናስብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እህቴ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በነጠላ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ታስር ነበር። «ስትወልጂ ይተውሻል» ያላላት ሰው የለም። ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስሉ ህዋሳት ከማህፀን ውጭ ተጣብቀው ሲያድጉ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ደም ወደ ላይ ስለተመለሰ ነው»

ግማሽ እውነት ነው። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 የወር አበባ ደም በማህፀን ቱቦ በኩል ወደ ሆድ ዕቃ እየተመለሰ ህዋሳቱን ይዞ እንደሚሄድ ጽፏል። ግን ደሙ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ይመለሳል። ታዲያ ሁሉም ለምን አይታመሙም?

ጥያቄው ያለው መጣበቁ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ስትሄዱ ቀሚስ ላይ የሚለጠፈውን ጭጎጎት አስቡት። ጫፉ ላይ ባሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች ነው የሚይዘው። ህዋሳትም ገጻቸው ላይ ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ያረፉበትን ጨብጠው ይይዛሉ። ቀጥሎ ኤምኤምፒ የሚባሉ ኢንዛይሞች፣ እነሱም ፕሮቲኖች ናቸው፣ የሆድ ዕቃውን ሽፋን እየቆራረጡ መግቢያ ያበጃሉ። ቪኢጂኤፍ የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ አዳዲስ የደም ስሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። አሁን ሥር ሰደደ ማለት ነው። አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም እዚያው ህዋሳቱን የሚያሳድገውን ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያመርትለታል፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን የሚልከውን «በቃ» የሚል መልእክት ደግሞ እነዚህ ህዋሳት በደንብ አይሰሙም። በብዙ ሴቶች ላይ ግን የሰውነት መከላከያ ቀድሞ ያጸዳቸዋል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ፣ ጽንስ ማህፀን ላይ እንዲያርፍ የሚረዱትም የዚሁ የኢንተግሪን ቤተሰብ አባላት መሆናቸው ነው።

«ፕሮቲን ከሆነ እንቁላልና ሥጋ ላቁም»

አታቁሙ። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል። እነዚህን ፕሮቲኖች ህዋሱ ራሱ ነው የሚሠራቸው።

«አልትራሳውንዱ ምንም የለም ብሏል»

አልትራሳውንድ እንቁላል ማምረቻው ላይ ያለን ከረጢት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ስስ ሆነው የተለጠፉትን ግን ላያያቸው ይችላል። እህቴም «ንጹህ ነሽ» ተብላ ነው የተመለሰችው። የዚያን ቀን ያለቀሰችው ከህመሙ ይልቅ ሰው አያምነኝም ብላ ነው።

«በደም ምርመራ ይታወቃል»

ሲኤ-125 የሚባለው ፕሮቲን በዚህ በሽታ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በወር አበባ ጊዜ፣ በእርግዝና፣ በእንቁላል ማምረቻ ካንሰርና በሆድ ቲቢም ይጨምራል። ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ቁጥሩ ከፍ አለ ብላችሁም ካንሰር ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

«የወሊድ መከላከያ ታዘዘልኝ፣ መካን ሊያደርገኝ ነው»

ይሄኛው ስንቷን መድኃኒት አስጥሏል! ኪኒኑ የሚታዘዘው የህዋሳቱን እድገት ለመግታትና ህመሙን ለማስታገስ ነው። ሲቆም የመውለድ ችሎታን ይዞት አይሄድም። ለማርገዝ የምታስቡ ከሆነ ግን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሕክምናው ይለያል።

«ስትወልጂ ይተውሻል»

በእርግዝና ጊዜ የሚሻላቸው አሉ። ከወለዱ በኋላ የሚመለስባቸውም አሉ። እርግዝና መድኃኒት ተብሎ ሊታዘዝ አይገባም። ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር፣ ሰገራ ስትወጡ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚብስ ህመም ካለ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ቀኑን ጻፉ፣ ህመሙ የት እንደሆነ ጻፉ፣ ስንት ኪኒን እንደዋጣችሁ ጻፉ። እህቴ በመጨረሻ ሰሚ ያገኘችው የስድስት ወር ማስታወሻዋን ደብተር ላይ ጽፋ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ነው።