ለክበባችሁ አርማ የሚሆን እንስሳ እንዴት ትመርጣላችሁ
ደብረ ብርሃንም መሃል ሜዳም ያላችሁ የተፈጥሮ ክበብ ልጆች፣ አርማ ሲባል ዝም ብላችሁ አንበሳ አትበሉ፣ አንበሳማ ስንት ቦታ አለ። አሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ምልክት የሆነችው ተሳቢ እንስሳ አንዲት የውሃ ኤሊ ናት፣ ሃሳቡን ያነሱት ደግሞ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ኩሬ ዳር ፀሐይ ስትሞቅ ስለምትታይ ህዝቡ ያውቃታል፣ የድንጋይ ልብሷ ጠርዝ ቀይ፣ አንገቷ ላይ ቢጫ መስመር ያላት፣ በቀላሉ የምትለይ።

እናንተም መጀመሪያ ሰፈሩ የሚያውቀውን ፈልጉ። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ጭላዳ ዝንጀሮም አለ፣ እኔ ብሆን ጭላዳን ነው የምመርጠው፣ ገደል አፋፍ ቁጭ ብሎ ሳር ሲነጭ ስንቶቻችን አይተነዋል፣ ደሞ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የለም።

ከዛ ሳሉትና ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ሳንቲም እስኪያክልም አሳንሱት፣ ማህተም ላይ እንደዛ ነው የሚወጣው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ኮፒ ሲሆን ጠቁሮ ከጎፈሩ ጋር ይደባለቃል፣ ስለዚህ እሷን ቦታ ነጭ አድርጋችሁ ተዉዋት። ጣቶቹን አንድ በአንድ መሳል ትርፍ ልፋት ነው።

ሳታፀድቁት በፊት ግን ገብስ የሚዘሩትን አባቶች ጠይቁ፣ «ማሳችንን የሚጨርሰውን ሌባ ነው እንዴ የምትለጥፉት» ማለታቸው አይቀርም።