በኤን ዲ አይ ኤስ ብር ከመግዛታችሁ በፊት ምን ምን ማየት አለባችሁ?

አውስትራሊያ ያለን ሐበሾች ስንገናኝ የማይቀር ወሬ አለ፤ "ኤን ዲ አይ ኤስ ተቆረጠ" የሚል። ኤን ዲ አይ ኤስ የአውስትራሊያ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ብር የሚመድብበት ፕሮግራም ነው፤ ፕላን የሚባለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የተመደበለት ድጋፍና ብር ነው። ፕላናቸው በእርግጥ የተቀነሰባቸው ሰዎች አሉ። ብዙውን ቤተሰብ ግን ያደናገረው ሌላ ነው፤ በብሩ ምን ይገዛል፣ መቼስ ይወጣል የሚለው።

የእህቴ ልጅ መናገር አይችልም። ውሃ ሲፈልግ ታብሌቱ ላይ ያለውን የብርጭቆ ስዕል ይነካል። ታብሌቱ ሲሰበር እህቴ "ፕላኑ ላይ ብር አለ፣ ሄደን እንግዛለት" አለችኝ። ደግነቱ ቀድመን ለኤን ዲ አይ ኤስ ደወልን።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 3 ቀን 2024 ጀምሮ ሁለት ዝርዝሮች አሉ፤ የሚፈቀዱና የማይፈቀዱ። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የመብራት ሂሳብ፣ ተራ ፍሪጅ፣ የእረፍት ጉዞ፣ ሲጋራና መጠጥ፣ ሬኪ (እጅ በማስቀመጥ የሚደረግ "ፈውስ") የማይፈቀዱት ውስጥ ናቸው። ሰፖርት ወርከር (አካል ጉዳተኛውን በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚያግዝ ሠራተኛ)፣ ቴራፒ፣ ዊልቸር፣ የሽንት መቆጣጠሪያ ዳይፐር ይፈቀዳሉ። ግን የሚፈቀደው ውስጥ ስላገኛችሁት ብቻ መግዛት አትችሉም። ከአካል ጉዳቱ ጋር መያያዝ አለበት፣ ፕላናችሁም ለዚያ ዓይነት ነገር ብር የያዘ መሆን አለበት።

ታብሌትና ስልክ ለመግባቢያ የግድ ሲሆኑ ለየት ያለ መንገድ አላቸው፤ ምትክ ድጋፍ ይባላል። ፕላኑ ውስጥ ያለን አንድ ድጋፍ ትታችሁ በእሱ ፋንታ ዕቃውን ትጠይቃላችሁ። ዋጋው ከምትተዉት መብለጥ የለበትም፣ ጥቅሙም ማነስ የለበትም። ከሁሉም በላይ የኤን ዲ አይ ኤስ ፈቃድ ከግዢው በፊት በጽሑፍ መምጣት አለበት። "ይሆናል ብሎኛል" የሚል የስልክ ወሬ አይበቃም። እኛ የንግግር ቴራፒስቷን አንድ ገጽ ደብዳቤ አስጻፍናት፤ ልጁ በታብሌቱ ምን እንደሚጠይቅ፣ ሳይኖረው ሲቀር ምን እንደሚሆን በዝርዝር አስቀመጠችልን። ፈቃዱ እጃችን እስኪገባ ድረስ ሱቅ አልሄድንም።

ሌላው ለውጥ ጊዜውን ይመለከታል፣ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከሜይ 19 ቀን 2025 በኋላ በወጡ ፕላኖች ብሩ በየጊዜው ተከፋፍሎ ነው የሚለቀቀው፣ ብዙ ጊዜ በየ3 ወሩ። ለምሳሌ የዓመቱ 12,000 ዶላር ቢሆን በየ3 ወሩ 3,000 ይለቀቃል ማለት ነው። በሁለት ወር ከጨረሳችሁት የሦስተኛው ወር ኢንቮይስ የሚከፈልበት የለም፣ ሰፖርት ወርከሩም ሊቀር ይችላል። የተረፈው ግን ፕላኑ እስኪያልቅ ድረስ ወደሚቀጥለው ጊዜ ይሻገራል፤ ወደ አዲሱ ፕላን አይሻገርም። ስለዚህ ካላንደር አውጡና ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸውን ሳምንታት አስቀድማችሁ አክብቡ፣ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል የሰፖርት ወርከሩ ሰዓት እንዴት እንደሚያልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁና ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ ቆጥቡ።

ቴራፒስት ቤታችሁ የሚመጣ ከሆነ የመንገዱም ሰዓት ከእናንተው ብር ነው የሚቆረጠው። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለመንገድ ማስከፈል የሚችሉት የሰዓቱን ዋጋ ግማሽ ብቻ ነው። ኢንቮይሱን እዩት። ብሩን ራሳችሁ የምታስተዳድሩ ከሆነ ደረሰኝ 5 ዓመት ይቀመጣል።

ቋንቋው ካስቸገራችሁ እባካችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ 131 450 ደውሉ፣ "አማርኛ" በሉ፣ ከዚያ ከኤን ዲ አይ ኤስ 1800 800 110 ጋር እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚው በነፃ ነው። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

የፕላኑ ውሳኔ ትክክል ካልመሰላችሁ ዝም አትበሉ። ደብዳቤው ከደረሳችሁ በ3 ወር ውስጥ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያም ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ አስተዳደር ውሳኔዎች ገምጋሚ ትሪቡናል ይሄዳል፣ እዚያ ለማመልከት ያላችሁ 28 ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ የደረሰበትን ቀን እዚያው ፖስታው ላይ ጻፉበት፤ ፖስታውንም አትጣሉት።