ከራስ ቅል ወደ ራስ ቁር፦ ስታር ዎርስን ከጥንት የዕቃ ሥዕል ጋር እንዴት እንዳዳቀልኩ

የመጀመሪያው ድቅል ሥዕሌ የስታር ዎርስ ፊልሙን ጥቁር ለባሽ ክፉ ሰው፣ ዳርዝ ቬደርን፣ አበባ ሲያጠጣ የሚያሳይ ነበር። ያየው ሁሉ ፈገግ አለ፤ ተመልሶ ያየው ግን አልነበረም፤ እኔም ብሆን አልተመለስኩበትም። ቀልድ አንዴ ከተነገረ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነው፦ ሁለቱ ነገሮች ለምን እንደተገናኙ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልኩ እርሳስ አላነሣም።

በዚህ ሕግ ከሠራኋቸው ውስጥ የምወደውን አንዱን ከሐሳቡ ጀምሬ ላሳያችሁ። ሌላ ፊልም፣ ሌላ የአሣሣል ስልት ብትመርጡም መንገዱ ያው ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከቃል ነው። ራስ ቅል፣ ራስ ቁር። አንድ ምሽት ሁለቱን ቃላት ወረቀት ጥግ ላይ ጽፌ ሳያቸው ሥዕሉ ግማሽ ያለቀ መሰለኝ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ቫኒታስ የሚባል የዕቃ ሥዕል ነበራቸው። ስሙ የላቲን ነው፤ ከመጽሐፈ መክብብ «የከንቱ ከንቱ፣ ሁሉ ከንቱ ነው» ከሚለው ቃል የተወሰደ። ጠረጴዛ ላይ የሰው ራስ ቅል ያስቀምጣሉ፤ አጠገቡ የጠፋ መብራት፣ የተጋደመ ብርጭቆ፣ ብዕርና መጽሐፍ። ፒተር ክላስ በ1628 እ.ኤ.አ. የሣለው እንዲህ ያለ ሥዕል ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። እኔ ያደረግሁት በራስ ቅሉ ቦታ የስቶርምትሩፐርን፣ ማለትም በስታር ዎርስ የክፉው ኢምፓየር ወታደርን፣ ነጭ ቁር ማስቀመጥ ነው። ዓረፍተ ነገሬም «ኢምፓየሩ ወደቀ፤ የቀረው ፊት የሌለው ቁር ነው» የሚል ሆነ።

ቀጥሎ የሚመጣው ክፍፍል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከፊልሙ ግማሽ ቅርጽና ግማሽ ቀለም፣ ከጥንቱ ሥዕልም እንዲሁ ግማሽ ግማሽ ከወሰዳችሁ የሚወጣው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ነገር ነው። እኔ አካሉን ከአንዱ፣ እጁን ከሌላው እወስዳለሁ። ከስታር ዎርስ የወሰድኩት ቅርጽን ብቻ ነው፤ ብርሃኑን፣ ቀለሙን፣ የጠረጴዛውን አደራደር በሙሉ ለኔዘርላንዶቹ ተውኩላቸው። አንድ ሰው ከሩቅ ሲያየው «የጥንት ሥዕል ነው» ብሎ ማለፍ አለበት፤ ሲጠጋ ነው ቁሩ የሚጠብቀው።

የምትተኩት ዕቃ ብዛትም ልክ አለው። እኔ ሁለት ብቻ ተካሁ፦ ራስ ቅሉን በቁሩ፣ የጠፋውን መብራት ብርሃኑ በጠፋ የላይትሴበር (የፊልሙ የብርሃን ሰይፍ) እጀታ። ብርጭቆው፣ ብዕሩ፣ መጽሐፉ እንዳሉ ቀሩ። በመሃል ስስት ይዞኝ ከኋላ የፊልሙን ትንሽ ሮቦት አርቱ ዲቱን ጨምሬ ነበር፤ ጠረጴዛው ወዲያው የመጫወቻ መደብር መሰለና አጠፋሁት። እጀታው ግን ከብርጭቆው ጎን ባዕድ አልሆነም፤ ምክንያትም አለው። በመጀመሪያው፣ በ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም የዋናውን ጀግና የሉክን ላይትሴበር ያዘጋጀው ሮጀር ክርስቲያን የተጠቀመው የአሮጌ ጋዜጠኛ ካሜራ የፍላሽ እጀታ ነው። ድሮውንም የሰው እጅ ሲይዘው የኖረ ብረት ነበር።

አሁን ወደ እርሳስ። ትልቁን ሸራ አትክፈቱ። የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ 12 ትናንሽ ንድፎችን ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትስጡ፤ ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ብቻ ተጠቀሙ። ዝርዝር ነገር የተከለከለ ነው። ስትጨርሱ ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩዋቸው። በዚያ መጠን የማይነበብ ንድፍ ሲተልቅ አይሻለውም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ንድፎቼ ቁሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወደ ተመልካቹ ያይ ነበር፤ ሁሉም የማይረቡ ነበሩ። በሰባተኛው ላይ እጄ ስቶ ቁሩ ወደ ጎን ተጋደመ። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ቁር ለሽያጭ የቀረበ ይመስላል፤ ጋደም ሲል ግን ባለቤቱ የሞተ ይመስላል። ሰባተኛውን ያዝኩ።

ቁሩን ስትሥሉ የሌላ አድናቂን ሥዕል አትገልብጡ፤ የሌላውን ስሕተት ጨምራችሁ ትወርሳላችሁና። ከብዙ አቅጣጫ የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስቡና ቅርጹ እስኪገባችሁ ድረስ ደጋግማችሁ ሞክሩ፦ የግንባሩን ጥቁር መታጠፊያ፣ ያዘነ የሚመስለውን አፍ፣ ጉንጩ ላይ ያሉትን ሰማያዊ ሰረዞች። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሳምንት ያቃጠልኩበትን ነገር ልንገራችሁ። የኮምፒውተሩን የመስታወት መሣሪያ ተጠቅሜ የግራውን ግማሽ ብቻ ሥዬ ቀኙን እሱ እንዲሞላው አደረግሁ። ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን በድን ሆነ። በኋላ እንደተረዳሁት በመጀመሪያው ፊልም የታዩት ቁሮች ራሳቸው ግራና ቀኛቸው እኩል አይደለም፤ ቅርጻቸው በእጅ የወጣ ነውና አንዱ ወገን ከሌላው ዘመም ይላል። መስታወቱን ዘግቼ አንዱን ዓይን ጥቂት ዝቅ ሳደርገው ቁሩ ነፍስ ዘራ።

ዋናው ሥራ ብርሃን ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ቁሩን ነጭ ስለሆነ ነጭ ቀባሁት። በዚያ ቡናማ ጨለማ መሃል ከመጽሔት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ስለዚህ ዲጂታሉን ትቼ አንድ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ደፋሁ፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ፤ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ከግራ በኩል፣ ከፍ አድርጌ፣ አንድ አምፖል ብቻ አበራሁ። ከዚያ ተቀምጬ አየሁ። ከሳህኑ ላይ ነጭ ልለው የምችለው ከጥፍሬ የማይበልጥ አንድ ነጥብ ብቻ ነበር። የበራው ጎን የገለባ ቀለም አለው፤ መሃሉ አመድማ ነው፤ ጥላው ቡናማ። ከታች በኩል ደግሞ፣ ጥላ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ጠረጴዛው ከራሱ ቀለም ጥቂት መልሶ ሰጥቶት ሞቅ ያለ ቀይ ይታያል። ያየሁትን በቀለም ነጠብጣብ ወረቀት ላይ መዘገብኩና ቁሩን በዚያ መዝገብ ብቻ ቀባሁት። ንጹሑን ነጭ ለአንዲት ነጥብ አስቀረሁት።

ማጣበቂያ የሆነኝ ሌላው ነገር መስኮት ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች በብርጭቆ ላይ በሥዕሉ ውስጥ የሌለውን መስኮት ነጸብራቅ ትንሽ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። እኔ ያንኑ መስኮት አንዴ በብርጭቆው ላይ፣ አንዴ በቁሩ ጥቁር ዓይን ላይ ሣልኩት። ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ተመልካቹ የሚያምነው በዚህች ነጸብራቅ ነው።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልም፤ ሌየር፣ ማለትም ሥዕሉን በተደራራቢ ንብርብሮች ለይቶ የሚያሠራ መሣሪያ፣ ያለው ማንኛውም ይበቃል። ክሪታ በነፃ ይገኛል፤ እኔም የሠራሁት በእሱ ነው። ሸራውን ከጅምሩ ለኤ3 ኅትመት በሚበቃ መጠን፣ በ4961 በ3508 ፒክስል ክፈቱ፤ በኋላ ማሳነስ ይቻላል፣ ማተለቅ ግን ያደበዝዛል። መደቡን ነጭ አትተዉት፤ መካከለኛ ቡናማ ቀቡትና ከዚያ ወደ ብርሃንም ወደ ጨለማም ሂዱ። ለኅትመት ስትልኩ ደግሞ ጨለማውን ከስክሪኑ ትንሽ አፍኩት። የእኔ የመጀመሪያ ኅትመት ሲመጣ መጽሐፉና ብዕሩ በጥቁሩ ውስጥ ሰጥመው ቁሩ ብቻውን ተንሳፍፎ ቀርቶ ነበር። አታሚውን ልወቅስ ተነሣሁና ፋይሉን መልሼ ሳየው ጥፋቱ የራሴ ነበር። አሁን መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት አሳትሜ አያለሁ።

የመብት ነገር አሰልቺ ቢሆንም አይዘለልም። የጥንቱ ወገን ቀላል ነው፤ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመብት ገደብ የሌለባቸውን ሥራዎቹን ምስል ማንም እንዲጠቀምበት ለቆታል። የፊልሙ ወገን ግን ባለቤት አለው። ይኸው ቁር ራሱ ፍርድ ቤት ቆሟል፦ ለመጀመሪያው ፊልም ቁሮቹን የሠራው አንድሩ ኤንስወርዝ በኋላ ቅጂ መሸጥ ሲጀምር የፊልሙ ባለቤት ሉካስፊልም ከሰሰው፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2011 እ.ኤ.አ. ቁሩ በሕጉ ዓይን «ቅርጻ ቅርጽ» አይደለም ብሎ ወሰነ። ይህን ሰምታችሁ አትፈንጥዙ፤ ውሳኔው የዚያች አገር ነው፣ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ሥዕል አይደለም። «ሁለት ነገር ስላዳቀልኩ አዲስ ሥራ ነው» የሚለውም ክርክር ሁልጊዜ አያድንም። ሌላውን የጠፈር ታሪክ ስታር ትሬክን ከዶክተር ስዩስ የልጆች መጽሐፍ ጋር ያዳቀለ ሥራ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተረትቷል፤ ዳኞቹ ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሕግ የሚፈቅደው አጠቃቀም፣ አይደለም አሉ። እኔ ይህን ሥዕል ለዕይታ አወጣሁት እንጂ አልሸጥኩትም፤ ከሥሩም ቁሩ ከየት እንደመጣና አደራደሩን ከማን እንደተማርኩ ጽፌበታለሁ። መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

የቀረው ፊርማ ነው። መጀመሪያ ላይ በታችኛው ቀኝ ጥግ እፈርም ነበር፤ ሰው ጥጉን ቆርጦ ያለ ስሜ ሲያሠራጨው ደጋግሜ አየሁ። አሁን ስሜን ከቁሩ ጥላ ሥር፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ በእንጨቱ የተቀረጸ አስመስዬ በዚያው ቡናማ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ቆርጦ ማውጣት የሚፈልግ የቁሩንም አገጭ አብሮ መቁረጥ አለበት።